ለቅድመ ንድፍ ሥዕል ስለሚዘጋጅ ተማሪ፤ ከአርቦዬ በተነሡ ምሳሌዎች የቀረበ ሒስ

በሥነ ጥበብ ተማሪዎች ዘንድ በቅርብ ዓመታት አንድ የሙያ ስም በብዛት ሲነሣ እንሰማለን። ፈረንጆች ኮንሴፕት አርት ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ ቅድመ ንድፍ ሥዕል እያልን እንጠራዋለን። ይኸውም አንድ ፊልም ከመቀረጹ፣ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ከመሠራቱ በፊት፣ ሰዎቹ ምን እንደሚለብሱ፣ ቤቱ እንዴት እንደሚቆም፣ መሣሪያው በየት በኩል እንደሚያዝ፣ ሰማዩ ምን ቀለም እንደሚኖረው አስቀድሞ በሥዕል የሚያሳይ ሥራ ነው። ሥዕሉ ራሱ በአዳራሽ እንዲሰቀል አይሠራም። ልብስ ሰፊው፣ አናጢውና የኮምፒውተሩ ባለሙያ ተመልክተውት ወደየሥራቸው ይሄዳሉ። በዚህ ምክንያት «ይህስ ተላላኪነት እንጂ ሥዕል አይደለም» የሚሉ አልጠፉም። በዚህ ክርክር ብዙ ለመቆየት አንፈልግም። የአብያተ ክርስቲያናታችን ሠዓሊ ደጉን ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዐይኑ፣ ክፉውን ግን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዐይኑ ብቻ ሲሥለው፣ ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ገና በሩን ሲያልፍ ማን ማን እንደሆነ እንዲለይ ማድረጉ ነበር። የዛሬው ቅድመ ንድፍ ሠዓሊም የሚደክመው ለዚሁ ነው፤ ቃል ከመነገሩ በፊት ተመልካቹ ጀግናውን ከባላንጣው እንዲለይለት። ለሌላ አገልግሎት መሣል ሥዕልን የሚያዋርድ ከሆነ ያኛውንም ሊያዋርደው ነው፤ ይህን ደግሞ የሚደፍር ያለ አይመስለንም።

ልንመረምረው የፈለግነው ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ሙያ የሚዘጋጅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ምን እየሣለ ይዘጋጃል? ለመቀጠር ወይም ትእዛዝ ለማግኘት ተማሪው የሥራዎቹን ስብስብ ማቅረብ አለበት፤ የሚፈረድበትም በዚያ ስብስብ ነው። ጥያቄው በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ተማሪ በአሳባችን እናቁም። አርቦዬ ያደገ ልጅ ይሁን። አርቦዬ የአርሲዋ የጀጁ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ የሥዕል አዳራሽም የፊልም ስቱዲዮም በደጇ የለም። ልጁ መሣል የጀመረው በደብተሩ ጀርባ ነው፤ ከዚያም በእጅ ስልኩ የውጭ አገር ሠዓሊዎችን ትምህርት እየተመለከተ እጁን አፍታታ፤ በመጨረሻም ለትምህርት አዲስ አበባ ገባ። አርቦዬን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከዚያ የሚነሣ ሰው ከሙያው ማዕከሎች እጅግ የራቀ ይመስላል፤ ራቀ ወይስ ቀረበ የሚለውን ግን ገና እናየዋለን።

አዲስ አበባ ሲደርስ የሚጠብቀው ትልቅ ቅርስ ነው። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1957 ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል። ከእርሳቸው ዘመን ሰዎች አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ ያቆሙት፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለ ቀለም መስታወት አስቀድሞ በወረቀት የተነደፈ ሥራ ነው፤ ለእኛም ጉዳይ ቅርብ ምሳሌ ይሆናል። እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 የሌሊቱን በረራ፣ ፍርሃቱንና ደስታውን ሲሥል፣ ክንፍ ያላቸውን ፍጥረታት ከማንም ሳይበደር ከጨለማው ጠርቶ አወጣቸው። እንግዲህ «ያልታየውን ዓለም መፍጠር ለእኛ እንግዳ ነው» የሚል ሰው ቢገኝ መልሱ በእጃችን አለ። ነገር ግን የእስክንድር ፍጥረታት ኑሮአቸው በሸራው ላይ ያልቃል፤ ክንፋቸው ከትከሻው አጥንት ጋር በምን እንደተያያዘ የሚጠይቅ የለም። የቅድመ ንድፍ ሠዓሊን ግን ይህን የሚጠይቅ ሰው ሁልጊዜ በበሩ ቆሞ ይጠብቀዋል። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ የቀለምና የእርሳስ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ተማሪዎቹ ስብስብ እንምጣ። ለዚህ ሙያ በሚዘጋጁ ጓደኞቻችን ደብተሮች ውስጥ ደጋግመን የምናየው ምንድን ነው? የድንጋይ ግንብ ከነጠቋሚ ጣራው፤ ከራስ እስከ እግሩ ብረት የለበሰ ፈረሰኛ፤ እሳት የሚተፋ ባለ ክንፍ ዘንዶ፤ ጥድ የወረሰው በረዷማ ተራራ፤ ዝናብ የሚወርድበት ባለ ብዙ መብራት ከተማ። እጁ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም አንዳንዱ የሚያስደንቅ ነው። ብርሃን በብረት ላይ እንዴት እንደሚያርፍ፣ ሩቅ ተራራ እንዴት እንደሚደበዝዝ በሚገባ ተምረዋል። ችግሩ ከእጁ ትምህርት ጋር ጉዳዩም አብሮ መግባቱ ነው። አስተማሪው በሎስ አንጀለስ ወይም በቶኪዮ ተቀምጦ ለራሱ ገበያ ግንብ እየሣለ ብርሃንን ሲያስተምር፣ ተማሪው ብርሃንን ብቻ ሳይሆን ግንቡንም ይወስዳል። ግንቡን ግን አላየውም። በግድግዳው ውፍረት ውስጥ ሰው እንዴት እንደሚመላለስ፣ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ክረምቱን በምን እንደሚሞቁ አያውቅም፤ ስለዚህ የሚሥለው ግንብ የግንብ ሥዕል ሥዕል ነው። ይህን ስንል «ፈረንጅ የሣለውን አትሣሉ» ማለታችን አይደለም። ጎንደርን ያየ ሰው ግንብ ቢሥል ማን ይከለክለዋል?

የዚህ ሙያ ታላላቅ ሰዎች ከየት እንደመጡ ማየት ይጠቅማል። ራልፍ ማክዌሪ በቦይንግ የአውሮፕላን ፋብሪካ የቴክኒክ ሥዕል ሠራተኛ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1977 ለታየው ስታር ዎርስ ለተባለው ፊልም ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ሥዕሎችን ሲያዘጋጅ፣ ዳርዝ ቬደር የተባለው ባላንጣ አየር በሌለበት ጠፈር ከመርከብ ወደ መርከብ መሻገር እንዳለበት በጽሑፉ አነበበ። «ታዲያ በምን ይተነፍሳል?» ብሎ ጠየቀ፤ የመተንፈሻ ጭንብልም ሣለለት። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ያ ጥቁር ፊት የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው፤ ለማስፈራራት የተጨመረ ጌጥ አልነበረም። ሲድ ሚድም ብሌድ ረነር ለተባለው የ1982 ፊልም ከተማና ተሽከርካሪ ከመንደፉ በፊት በፎርድ ኩባንያ የመኪና ቅርጽ ነዳፊ ነበረ። እንግዲህ ሁለቱም ከሚሠራ ነገር አጠገብ ቆመው ያደጉ ሰዎች ናቸው። ብሎኑ ወዴት እንደሚዞር፣ በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት ማወቅ ግዴታቸው ነበረ። ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን ከእነዚህ ሰዎች የቀዱት ጭንብሉን ነው፤ ጥያቄውን አልቀዱም።

«እንግዲያውስ ባህላችንን እንሣል» የሚለው መልስ ወዲያው ይመጣል። በመሠረቱ ትክክል ቢሆንም፣ እንደሚሠራበት ሁኔታ ከሆነ ከመጀመሪያው ስሕተት የሚብስ ሁለተኛ ስሕተት ይወልዳል። ያንኑ ብረት ለባሽ ፈረሰኛ ወስዶ በደረቱ ላይ የላሊበላን መስቀል መለጠፍ፣ የጠፈር መርከቡን በጥበብ ጥለት መጠምጠም፣ ይህ ባህልን መሣል አይባልም። ጥለት ከቀሚስ ጫፍ ላይ የሚውለው በሸማኔው ዕቃና በልብሱ አወራረድ ምክንያት ነው፤ ከዚያ ነቅሎ በብረት ላይ የሚያኖረው ሰው ስለ ሽመና ምንም አልነገረንም።

በትልቅ ገንዘብና በብዙ ጥናት የተሠራ ሥራ እንኳ በዚህ ጉድጓድ ሊወድቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታየው ብላክ ፓንተር፣ ዋካንዳ የምትባል በሐሳብ የተፈጠረች የአፍሪካ አገር ያሳያል። የሥፍራዎቹ ነዳፊ ሃና ቢችለር እና የልብሶቹ ነዳፊ ሩት ካርተር በዚህ ሥራ የኦስካር ሽልማት አግኝተዋል፤ ይገባቸዋልም። አፍሪካ በፊልም ስትታይ ጎጆና ረኀብ ብቻ ሆና እንዳትቀር ያደረጉት አስተዋጽኦ በቀላሉ አይታይም። በዚያው ፊልም ውስጥ ግን ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ በታችኛው ከንፈሩ ገል ያደረገ አንድ ሽማግሌ አለ። የኦሞ ሸለቆን ሕዝቦች የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ተመልካች በወንበሩ ላይ ሳይቁነጠነጥ አይቀርም። በሙርሲና በሱሪ ዘንድ የከንፈር ገል የሴቶች ነው፤ ከልጃገረድነት፣ ከጋብቻና ከክብር ጋር የተያያዘ ነው። እርግጥ በብራዚል ደኖች እንደ ካያፖ ባሉ ሕዝቦች ዘንድ ወንዶችም የከንፈር ጌጥ ነበራቸው፤ ዋካንዳም የትም የሌለች አገር ናትና ሠሪዎቹ «ነጻ ነን» ሊሉ ይችላሉ። እኛም ነጻነታቸውን አንነካም። የምንለው፣ ገሉ ከሴቲቱ ከንፈር ወደ ወንዱ ሲተላለፍ ትርጉሙ በመንገድ ላይ መውደቁን ነው። በፊልሙ ውስጥ የሚያምር ክብ ነገር ሆኖ ቀረ። ከሩቅ አገር የሚመጣ ነዳፊ ይህን ቢስት አያስደንቅም። ከዚሁ የበቀለ ተማሪ ሲስተው ግን ምክንያቱ ርቀት ነው ማለት አይቻልም።

ወደ አርቦዬው ተማሪ እንመለስ፤ አንድ ነገር ብቻ እንስጠውና በእርሱ እንፈትነው። ያም ሲንቄ ነው። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጥ ያለ ቀጭን በትር ነው። ባለትዳር ሴት መብቷ ሲደፈር ሲንቄዋን ይዛ ከቤት ትወጣለች፤ ሌሎቹም ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይከተሏታል፤ በደሉ ሳይካስም በቀላሉ አይመለሱም። ወንዶች ተጣልተው ጦር ሲማዘዙ ሴቶች ሲንቄ ይዘው በመካከላቸው ከቆሙ ጠቡ መቆም አለበት። ሲንቄውን ዐልፎ የሚሄድ ሰው የሚፈራው የበትሩን ምት አይደለም። በትሩ አይመታም፤ ዱላ ሆኖ እንዲያገለግልም አልተሠራም።

ይህን ነገር ለጨዋታ ወይም ለፊልም እንዲነድፍ ለተማሪው እንንገረው። በለመደው መንገድ ከሄደ ምን እንደሚያወጣ አስቀድመን መናገር እንችላለን። በትሩ ይረዝማል፤ ይወፍራል፤ ጫፉ ላይ የሚያበራ ዕንቁ ይቀመጣል፤ ሴትዮዋ ወደ ላይ ስታነሣው ሰማያዊ እሳት ይተፋል፤ ወንዶቹ ሁሉ በአየር ይበተናሉ። ሥዕሉ ያምር ይሆናል። ነገር ግን ሲንቄ ጠፍቷል፤ በቦታው ጠመንጃ መጥቷል። በሲንቄ ውስጥ ያለው ድራማ ኀይለኛው ሰው ደካማ በሚመስል ቀጭን እንጨት ፊት ራሱን መግታቱ ነው። ይህን ለማሳየት ነዳፊው የሚያተኩረው በበትሩ ላይ መሆን የለበትም፤ በወንዶቹ ላይ ነው። ከፈረሱ አንገት ላይ ልጓሙን የሚስበው እጅ፣ ተነሥቶ በአየር የቆመው ጦር፣ ዝቅ የሚለው ዐይን፤ በመካከሉም እንደ ሌላው ቀን የለበሱ፣ ምንም ያልተለየባቸው ሴቶች። በትሩ በሥዕሉ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ቀጭኑ መሆን አለበት። እንዲህ ያለውን ገጽ የሚያቀርብ ተማሪ ስለ ቅርጽ፣ ስለ ክብደትና ስለ አቀማመጥ የሚያውቀውን ሁሉ አሳየ ማለት ነው፤ በዓለም ላይም ብዙ ሰው ያላየውን ነገር አሳየ።

ሲንቄ ብቻውን አይደለም። በአርሲና በባሌ መንገዶች ዳር የሚታዩት የመቃብር ሐውልቶች ከነቀለማቸው የዚህ ትምህርት ክፍል ናቸው። ጦሩን የያዘ ፈረሰኛ፣ አንበሳ፣ የቀንድ ከብት በደማቅ ቀለም ተሥለውባቸው ከሩቅ ይጣራሉ። እነዚያን የሣለ ሰው ስለ ርቀትና ስለ ጥላ የትምህርት ቤት ሕግ አልተማረ ይሆናል፤ ሟቹ ማን እንደነበረ ግን በአንድ ዕይታ እንዲታወቅ ማድረግ ችሎበታል። የወተት ዕቃውን ጮጮን እንውሰድ። ተሰፍቶ ወተት የሚይዝ፣ በጭስ የሚታጠን፣ በቆዳና በዛጎል የሚያጌጥ፣ ማንጠልጠያ ያለው ዕቃ ነው። አሠራሩ፣ ሽታው፣ አያያዙ ሁሉ በቅርጹ ላይ ተጽፏል። አንድ የፊልም ቡድን በሐሳብ ለተፈጠረ ሕዝብ ይህን የመሰለ ዕቃ ለመፍጠር ሳምንታት ይደክማል። የጀጁ ልጅ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ በዚያ ሲጠጣ ኖሮ ሊሆን ይችላል፤ የሚጎድለው ገልብጦ ሥሩን ማየቱ ነው።

ደግሞም ያ አገር የቆመ የባህል ሙዚየም አይደለም፤ ሲሥሉት እንደዚያ የሚያደርጉት አሉ። በአርሲ ከፍታ ላይ በአንዱ ማሳ በሬ እየነዱ ሲያበራዩ በሌላው ኮምባይነር ስንዴ ያጭዳል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ በጭላሎ የተጀመረው የእርሻ ልማት ድርጅት የተሻሻለ ዘርና መሣሪያ ካመጣ ወዲህ እነዚህ ሁለት ዘመናት በአንድ ሜዳ ሲጎራበቱ ኖረዋል። የጋሪ ፈረስ ከባጃጅ ጋር መንገድ ይጋፋል። ከደጋው ገብስ ተነሥቶ ወደ አዋሽ ሸለቆ የሚወርድ ሰው በአንድ ቀን ጉዞ ከጉምና ከካፖርት ወደ ግራርና ወደ አቧራ ይደርሳል። የወደፊቱን ዘመን የሚሥሉ ሠዓሊዎች አሮጌውንና አዲሱን እንዴት በአንድ መንገድ ላይ እናውላቸው እያሉ ሲጨነቁ፣ አሰላ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ይህ ችግር የለበትም። ልጆች ከሽቦና ከቆርኪ የሚሠሩት መኪናም እንኳ (ይህን የምንለው በቀልድ አይደለም) የአምሳያ ሥራ የመጀመሪያ ትምህርት ነው፤ መሪው የፊት እግሩን በእውነት ያዞራል።

«ይህ ሁሉ መልካም፤ ሥዕል እንጀራ ይሆናል ወይ?» ብለው የሚጠይቁ ወላጆች በአርቦዬ አሉ፤ ጥያቄያቸውም ሊናቅ አይገባም። በአገራችን ይህን ሙያ የሚቀጥረው ገበያ ገና ጠባብ ነው። ቢሆንም ባዶ አይደለም። ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለውን የሥዕል ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ፤ ባለታሪኩ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት መሆኑ ለብዙዎቻችን ቅርብ ነው። በኋላም «ሐዊ» ተከተለች። ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» በተባለ ጨዋታው የምትሸሽ ዶሮ አስሩጧል። አብዛኛው ተማሪ ግን ዐይኑን የሚጥለው በኢንተርኔት በሚመጣው የውጭ ትእዛዝ ላይ ነው፤ ግንቡንና ዘንዶውን የሚሥለውም «ገዢው የሚፈልገው ይህን ነው» ብሎ ነው።

ይህ ስሌት ድሮም ደካማ ነበር፤ አሁን ግን ፈርሷል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በቃል ሲታዘዙ በጥቂት ሰከንድ ሥዕል የሚያወጡ የኮምፒውተር መሣሪያዎች በሰው ሁሉ እጅ ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ካርላ ኦርቲዝ የተባለችው የቅድመ ንድፍ ሠዓሊ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ሆና፣ ሥራዎቻችን ያለ ፈቃዳችን ለእነዚህ መሣሪያዎች ማሠልጠኛ ውለዋል ስትል በካሊፎርኒያ ክስ መሥርታለች። የፍርዱ ነገር የሕግ ተማሪዎች ጉዳይ ይሁን። ለእኛ ተማሪ የሚበጀው መሣሪያው ምን እንደሚችል ማወቅ ነው። መሣሪያው ብዙ ጊዜ ያየውን አሳምሮ ይደግማል። ግንብና ዘንዶ ደግሞ ከማንኛውም ነገር ይበልጥ አይቷል። ስለዚህ በግንብ የሚወዳደር ተማሪ የሚወዳደረው ከማይደክምና ደመወዝ ከማይጠይቅ ሠራተኛ ጋር ነው። ሲንቄ ለምን ቀጭን መሆን እንዳለበት ግን ለመሣሪያው ማን ነገረው? ይህን የሚያውቅ ሰው መሣሪያውን ቢጠቀምበት እንኳ ስሕተቱን ሊያርም ይችላል፤ የማያውቅ ሰው የተሰጠውን አመስግኖ ይቀበላል።

ከመምህራን በኩል የሚሰማው «ይህ የስልክ ሥዕል ነው፤ ጊዜ ያልፈዋል» የሚል ንቀት በዚህ ረገድ አይረዳም። ተማሪው ትቶት ወደ ሸራው እንዲመለስ ማድረግ ሳይሆን፣ በትምህርት ቤቱ ያለውን ከሕይወት የመሣል ልማድ ወደዚህ ሥራ እንዲያሻግር መርዳት ይሻላል። ለዚህም አንድ የልምምድ ሥራ እናቀርባለን፤ መምህራን ቢያሻሽሉት ደስ ይለናል። ተማሪው በዕረፍት ጊዜው ወደ አርቦዬ ሲወርድ የአንድ የአርሲ ፈረስ ኮርቻ ይሣል። በመጀመሪያው ገጽ ሙሉ ቅርጹን፤ በሁለተኛው እንጨቱ፣ ቆዳውና ጠፍሩ እንዴት እንደተያያዙ በየክፍሉ ፈትቶ፤ በሦስተኛው ፈረሱ ላይ ሲጫን ክብደቱ የት እንደሚያርፍ፤ በአራተኛው ደግሞ ከአገልግሎት ብዛት የት የት እንዳለቀ፣ የት የት እንደተጠገነ። ባለቤቱን እየጠየቀ፣ ስሙን በኦሮምኛም በአማርኛም እየጻፈ ይሣል። በአምስተኛው ገጽ በዓለም ላይ የሌለ አውሬ ይፍጠርና ለእርሱ ኮርቻ ይንደፍለት፤ ስድስት እግር ቢኖረው፣ ክንፍ ቢያወጣ የራሱ ጉዳይ ነው። ጠፍሩ በየት በኩል እንደሚታሰር፣ ጋላቢው በየት እንደሚወጣ፣ የአውሬው ቆዳ የት ላይ እንደሚላላጥ ግን ያሳየን። ይህንን አምስተኛ ገጽ የሚመረምር መምህር አራቱን አስቀድሞ ይጠይቀው።